ከሥር ያለው እራፊ

አንዲት ሴት ነበሩ። ብርዳማ ደጋ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዐይናቸው የደከመ፣ ይርገዱ የሚባሉ ባልቴት። ቤታቸው ውስጥ አንድ ድሪቶ ነበራቸው።

ድሪቶ ታውቃላችሁ አይደል? አትፈሩ፣ እናውቃለን በሉ። ጨርቁ ሲነትብ እራፊ ይጣፍበታል፤ እራፊውም ሲነትብ ሌላ እራፊ በላዩ ይጣፋል። አሮጌው አይነሣም። አዲሱ በላዩ ይተኛል እንጂ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ ውርጭ የማያልፈው ይሆናል። በዚያ አገር ደግሞ ሰው ሲቸገር ጎረቤት ከየቤቱ እራፊ ያዋጣል። ስለዚህ የአንዱ ቤት ድሪቶ የመንደሩ ሁሉ ልብስ ነው።

አሁን ግን ብርድ ልብስ ከሱቅ ይገዛል። ድሪቶ የሚሰፋ ጠፋ፤ የሚያውቁትም አንድ በአንድ እያለፉ ሄዱ። የመንደሩ ሴቶች ዕድር ተሰብስቦ መከረ። አንዷ፣ ይሄ ነገር ከእኛ ጋር ተቀብሮ ሊቀር ነው አለች። ሌላዋ፣ ታዲያ ድህነታችንን ልትመዘግቡት ነው ብላ ሳቀች። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ በየቤቱ ያለው ድሪቶ ፎቶ ይነሣ፣ እያንዳንዱ እራፊ ከማን እንደመጣ በደብተር ይጻፍ ተባለ። ጸሐፊዋ ትርንጎ የምትባል የመንደሩ አስተማሪ ሆነች። ለባልቴቷም፣ ማክሰኞ ቤትዎ እንመጣለን ተብሎ መልእክት ተላከላቸው።

እኚህ እናት ምን አደረጉ? እንግዳ ይመጣል ተብሏል። ፎቶ ይነሣል ተብሏል። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አፈሩ። ለእንግዳ እንዴት አሮጌ እራፊ ይዘረጋል? የምትጥል ዶሯቸውን ሸጠው አዲስ ጨርቅ ገዙ። ሦስት ቀን ሙሉ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ በምላጭ፣ በዳበሳ፣ የአርባ ዓመቱን ስፌት ተረተሩት። እንደ ልማዱ በላዩ መደረብ ሲገባቸው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጌውን አነሡ። የተተረተረውንም ጠቅልለው ለጎረቤታቸው ለአቶ መታፈሪያ ሰጡት። እሱም ጭነት አህያውን እንዳይልጣት፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቆ ጀርባዋ ላይ አደረገው።

ማክሰኞ ትርንጎ ደብተሯን ይዛ፣ የዕድሩ ሴቶች ተከትለዋት መጣች። ድሪቶው መደቡ ላይ ተዘርግቷል፤ አበባ በአበባ ሆኗል።

«ይሄ ከማን ነው፣ እማማ?»

«ከሱቅ።»

«ይሄኛውስ?»

«ከሱቅ።»

«ጥግ ላይ ያለውስ?»

«ከሱቅ ነው አልኩሽ እኮ ልጄ። ሁሉም አዲስ ነው። ደስ አይልም?»

ያቺ ሳቂታዋ ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እትዬ ይርገዱ፣ እንግዲያው ባለሱቁን እንመዝግበው» አለች። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ብዕሯን እንደያዘች ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ከሁሉም ሥር፣ መጀመሪያ የተጣፈው ምን ነበር?»

ይርገዱ አዲሱን ጨርቅ በእጃቸው ዳበሱት፤ ጥግ ጥጉን፣ መሐል መሐሉን፣ እንደገና ዳበሱት። ከዚያ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

ከሁሉም ሥር የልጃቸው ቀሚስ ነበር። ደብሪቱ ትባል ነበር። በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። እናትየው ቀሚሷን ቀደው፣ ደረታቸው ላይ በሚያርፈው በኩል ጥፈውት፣ አርባ ዓመት ለብሰውት ተኝተዋል። ሌላ እራፊ ሲደረብበት ከዐይን ተሰወረ፤ እዚያው እንዳለ ግን ያውቃሉ። ልጅቷ ፎቶ የላትም። ስሟ የተጻፈበት አንዲት ወረቀት በዚህ ዓለም ላይ የለችም። የላይ የላዩን ብቻ ያነሡ መስሏቸው ነበር፤ ምላጩ ግን የተደራረበውን ሁሉ ባንድ ላይ ሲያነሣው፣ የደከመው ዐይናቸው ሳያይ ቀረ።

አቶ መታፈሪያ ገበያ ሄዶ ነበር። ሴቶቹ ነገሩን ከይርገዱ ሰምተው መንገድ ላይ ወጥተው ጠበቁት፤ ሲመጣም ከበቡት። ደንግጦ፣ አህያዋ ምን አጠፋች ብሎ ጠየቀ።

«አህያህ ምንም አላጠፋች። ሰው ተሸክማ ነው የመጣችው» አለችው ሳቂታዋ፣ አሁን ሳትስቅ።

ከረጢቱን ፈተው፣ በላብ የራሰውን እራፊ ሣር ላይ አንድ በአንድ ዘረጉት። ሳቂታዋ ሴት አንዱን አንሥታ ቆመች። የአባቷ ጋቢ ጫፍ ነው፤ የይርገዱ ባል የሞተ ጊዜ እናቷ አምጥታ የሰጠችው። አንዲት ሌላ ሴት የእህቷን መቀነት አገኘች። መታፈሪያ ራሱ አንድ የካኪ ቁራጭ አንሥቶ አገላበጠው። የሟች ወንድሙ ሱሪ ነበር፤ ሳያውቅ አህያ ላይ ጭኖት ገበያ ደርሶ መጥቷል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲናገሩ ትርንጎ መጻፉ አልደርስ አላት።

ይርገዱ ግን በጣታቸው ነው የሚፈልጉት። ይዳብሳሉ፣ አይደለም ይላሉ፣ ያስቀምጣሉ። ይዳብሳሉ፣ አይደለም። በመጨረሻ መዳፍ የምታህል ጨርቅ እጃቸው ገባች። ጠርዟን በአውራ ጣታቸው አሹት። የገዛ እጃቸው ስፌት ነው።

«ጻፊ» አሉ። «ደብሪቱ ብለሽ ጻፊ። ቀይ ነበረ ቀሚሷ። ለጥምቀት ነው የሰፋሁላት።»

ትርንጎ ጻፈች።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«ደብሪቱ» ብላ አነበበችላቸው።

«ድገሚው» አሉ።

ወገኖቼ፣ በእኚህ ሴት አንፍረድ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ፣ ጓደኞቼ ሲመጡ የእናቴን ድሪቶ አልጋ ሥር እደብቅ ነበር። ስንቱን ውርጭ ያሳለፈኝን። እናንተስ የማንን ደበቃችሁ? ሰው ሲመጣባችሁ ምን ትዘረጋላችሁ? እግዚአብሔር ፊት ስትቆሙስ? ያማረውን አይደለም? ይህ ከማን ነው ይላችኋል፤ ከሱቅ ትሉታላችሁ። እሱ ግን አዲሱን ጨርቅ አይቶ አይሄድም። ከሥሩስ ምን ነበር ይላችኋል። ያለቀሳችሁበትን፣ ጎረቤት ያዋጣላችሁን፣ እናታችሁ ከራሷ ቀዳ የደረበችላችሁን ይጠይቃችኋል። ያኔ ምን ትመልሳላችሁ? የሰጪዎቹን ስም እንኳ ታውቁታላችሁ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ከአረጋውያኑ አጠገብ ተቀመጡ። ደብተር ያዙ። ከዘረጉላችሁ በታች ያለውን ጠይቁ። ነገ አትበሉ። ዐይን ይደክማል፤ ምላጭ ስለታም ነው፤ አህያዋም ሁልጊዜ ከገበያ አትመለስም።

ስም ሲነግሯችሁ ጻፉት። ጽፋችሁም አንብቡላቸው። ድገሙት ካሏችሁ ድገሙት።