በሚዜው ስም የተመዘገበው ኮርቻ ቤት

አንድ ጓንጉል የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበር። እጁ የተባረከ ነው። የሱ ኮርቻ የበቅሎ ጀርባ አይልጥም፣ ዳገት ላይም ወደ ኋላ አይንሸራተትም እየተባለ ከሩቅ አገር ሳይቀር ይፈለግ ነበር። አንድ ጠባይ ግን ነበረው፤ ሰው አያምንም። ደህና አደርክ ብሎት ያለፈን ሰው እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን እያለ ከኋላው ያየዋል።

ጥርጣሬው እንዲያው የመጣ አይደለም። ልጅ ሳለ የቀድሞው ገዥ ሰዎች ፈገግ እያሉ ወደ አባቱ ደጅ መጥተው፣ ከብቶቹን ቆጥረውና ጽፈው፣ የቤቱን ጠላ ጠጥተው ሄደው ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሌሎች ሰዎች መጡ። እነዚያ ፈገግ አላሉም፤ የትኛዋ ላም የት እንደታሰረች መጠየቅም ሳያስፈልጋቸው ከብቶቹን ነድተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጓንጉል ብዕር የያዘ ሰው ሲያይ መንገድ ይለውጣል። በዚህ እኔም አልፈርድበትም።

ያ ገዥ አልፎ ሌላ ንጉሥ ነገሠ። አዲሱ ንጉሥም አዋጅ አስነገረ። ሱቅ የሚከፍት፣ በእጁ ሠርቶ የሚሸጥ ሁሉ መዝገብ ቤት ቀርቦ ስሙን፣ ሥራውንና ቦታውን ያስጽፍ፤ በየዓመቱም መስከረም ሲጠባ ተመልሶ ሥራው መቀጠሉን ያሳውቅ የሚል ነበር። ጓንጉል ደግሞ ሰው ቤት ተቀጥሮ መሥራቱ ሰልችቶት፣ በዚያው ሰሞን ከገበያው አጠገብ የራሱን ኮርቻ ቤት ሊከፍት ተነሥቷል። ሳይመዘገቡ መክፈት አይቻልም። ስለዚህ ቅር እያለውም ቢሆን ሄደ።

መዝጋቢው ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ገና ከመግባቱ ወንበር ሰጠው። ጓንጉል ወንበሩን አልወደደውም፤ ሰው ያለ ነገር ወንበር አይሰጥም ብሎ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። መዝጋቢው ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው፣ ኮርቻ አለ። ቦታው የት እንደሆነ፣ ቆዳ ከማን እንደሚገዛ፣ እሱን የሚያውቁ ጎረቤቶች እነማን እንደሆኑ፣ እሱ ባይኖር ለማን እንደሚነገር ጠየቀው። ባልኖር? ወዴት ሊወስዱኝ ነው? ጓንጉል አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ስምዎን ይንገሩኝ ሲባል ብድግ አለና በቅሎዬን ሳላስር ነው የመጣሁት ብሎ ወጣ። በቅሎ አልነበረችውም።

ቤቱ ገብቶ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ መላ ያገኘ መሰለው። ጥሩነህ የሚባል ሚዜ ነበረው። በሠርጉ ቀን ከጎኑ የቆመ፣ ከዚያም ወዲህ እንደ ወንድም የሚያየው፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ቆዳ ነጋዴ ነው። ኮርቻ ቤቱን በጥሩነህ ስም ለማስመዝገብ ቆረጠ። ጥሩነህ ነገሩ ባይጥመውም የሚዜ ነገር ሆኖበት እሺ አለ። ሄዶ በስሙ አስጻፈና ፈቃዱን ይዞ መጣ። ጓንጉል ያን ቀን መንግሥትን ያታለለ ሰው ሆኖ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ዋለ።

ግን በዚህም አልበቃውም። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አስጠነቀቀ። በተለይ በግድግዳ የሚዋሰኑትን ገመድ ሠሪውን ጋሼ ደምሴን፣ ቃላቸውን የማያጥፉ አዛውንት ናቸውና፣ ደጋግሞ ያስጠናቸው ነበር። ቤቱ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ የጥሩነህ ነው፣ ጓንጉል ተቀጣሪ ነው እንዲሉለት። አልፎ አልፎ የማያውቁትን መንገደኛ እየላከ ይፈትናቸዋል። ጋሼ ደምሴ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። እንዲያውም አንድ ጊዜ እንዲህ አላቸው፦

"ጋሼ፣ እኔው ራሴ ከዳኛ ፊት ቆሜ ቤቱ የኔ ነው ብል እንኳ አይመኑኝ። አስገድደውኝ ነው ማለት ነው።"

ጋሼ ደምሴ ገመዳቸውን እየገመዱ እሺ አሉት።

ዓመታት አለፉ። መስከረም በጠባ ቁጥር ጥሩነህ መዝገብ ቤት ሄዶ ሥራው መቀጠሉን ያሳውቃል። በተመለሰ ቁጥርም ጓንጉልን ይለምነዋል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ግብሩም ከማንም አይበልጥብህም፣ ና አብረን ሄደን በስምህ እናዙረው፣ እኔ እንደሆንሁ ሰው ነኝ፣ የነገን ማን ያውቃል ይለዋል። ጓንጉል ይህን በሰማ ቁጥር ሚዜውን በጎን ያየው ጀመር። ይህ ሰው ምን ይጎተጉተኛል? ምን ቃል ገብተውለት ይሆን? አንድ ጊዜማ ጥሩነህ ከመዝጋቢው ጋር መንገድ ላይ ቆሞ ሲሳሳቅ አይቶት እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። ሚስቱ እናኑ፣ ሰውየው እኮ የራስህን ሊያስረክብህ ነው የሚለምንህ ብትለው፣ እሷንም ማን አናገረሽ አላት።

እንዲህ እንዳሉ ጥሩነህ ቆዳ ሊገዛ ቆላ ወርዶ በወባ ታመመ፤ እዚያው ሞተ። ጓንጉል አለቀሰ፤ የጠረጠረውን ሁሉ እያሰበ ከልቡ አለቀሰ። ሐዘኑ ሳይወጣለት ግን የጥሩነህ አጎት ከሩቅ አገር መጥተው የሟች ወራሽ እኔ ነኝ፣ ኮርቻ ቤቱንም ልረከብ አሉ። አጎትየው ቀማኛ አልነበሩም። ገበያውን ቢጠይቁ፣ ሰፈሩን ቢጠይቁ ያነጋገሩት ሰው ሁሉ ቤቱ የጥሩነህ ነበር አላቸው።

ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ቤቱ፣ የኮርቻው እንጨት፣ ወስፌው፣ ዕድሜውን ሙሉ ያፈራው ደንበኛ ሁሉ ከጓንጉል እጅ ሊወጣ ነው። ዳኛው መጀመሪያ መዝጋቢውን አስጠሩ። መዝጋቢው፣ ይህ ሰው ድሮ አንድ ጊዜ መጥቶ ኮርቻ እሠራለሁ ብሎኝ ነበር፣ ስሙን ስጠይቀው ግን ወጥቶ ሄደ፣ የተመዘገበው ጥሩነህ ነው ብሎ ያየውን ተናገረ። እናኑ ልመስክር ብትል ሚስት ለባሏ አትመሰክርም ተባለች። የቀሩት ጋሼ ደምሴ ናቸው።

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ እውነቱን ይናገሩልኝ" አለ ጓንጉል።

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩት። እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት። ግንባሩ ላይ ችፍ ያለውን ላብና ከአጠገቡ የቆመውን ዘበኛ አዩና፣ ምስኪን፣ የፈራው ቀን ደረሰበት ብለው አዘኑለት። ከዚያም ወደ ዳኛው ዞሩ።

"ጌታዬ፣ እኔ የማውቀውን ልናገር። ይህ ልጅ ቤቱ የጥሩነህ ነው፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ ሲለኝ ነው የኖረው። ዛሬ የኔ ነው ይላል። የኔ ነው ባልሁ ቀን አይመኑኝ ያለኝም እሱ ራሱ ነው።"

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ጓንጉል ሊቆጣ ፈለገ፣ የሚቆጣው ሰው ግን አጣ። ሽማግሌው የተናገሩት ቃል በሙሉ የራሱ ነው።

ዳኛው አልሳቁም። "ልቤ ቤቱ ያንተ እንደሆነ ይነግረኛል" አሉት። "ዛሬ በልቤ ብፈርድልህ ግን ነገ ሌላው ዳኛ በልቡ ይፈርድብሃል። አንተ ራስህ የሌላ ሰው ነው ስትል የኖርኸውን በምን ቃል ያንተ ልበለው?"

ቤቱ ለአጎትየው ተፈረደ። እሳቸውም ኮርቻ መሥራት አያውቁምና፣ ደግ ሰው ስለሆኑ፣ እዚያው ተቀጥሮ እንዲሠራ ለመኑት። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም። ጓንጉል ሲያስወራ የኖረው ወሬ እውነት ሆኖ በገዛ ቤቱ ተቀጣሪ ሆነ።

ብዙ ቆይቶ እንደገና ለመጀመር ጠባብ ጎጆ ተከራየና መዝገብ ቤት ሄደ። ያው መዝጋቢ ያንኑ ሁሉ ጠየቀው። ጓንጉል መለሰ፤ ስሙንም ተናገረ። ሲጨርስ ግን አላስቻለውም።

"ይህን ሁሉ የሚጠይቁት ለምንድን ነው? በየዓመቱስ ምን ያመላልሰናል?"

"ባለቤቱ ሳይኖር ሌላው ገብቶ የኔ ነው ቢል የሚያውቅዎትን ሰው እንድጠራ ነው" አለ መዝጋቢው። "በየዓመቱ የሚመጡት ደግሞ ሰው ስለሚሞትና ቦታ ስለሚለውጥ ነው፤ በሞተ ሰው ስም ሌላው እንዳይነግድበት።"

ድሮ ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ አለ ጓንጉል።

"ፈርተው እንደነበር አይቻለሁ፤ በፍርሃትዎ አልነቅፍዎትም" አለው መዝጋቢው። "ግን እኮ አልጠየቁኝም።"

ወዳጆቼ፣ ጓንጉልን የጎዳው መጠርጠሩ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም። የአባቱ ላሞች በዓይኑ እያየ ተነድተዋልና መጠርጠር ይገባው ነበር። ግን የጠረጠረውን ጠይቆ አላጣራም። መዝጋቢውን ጠረጠረ፣ ለምን ብሎ አልጠየቀውም። ሚዜውን ጠረጠረ፣ እሱንም አልጠየቀውም። ሊወስድበት ይችላል ካለው ሰው ሲደበቅ፣ ሊመልስለት ከሚችለውም ሰው አብሮ ተደበቀ። የሚጠረጥር ሰው ጠይቆ ከተረዳ ጥርጣሬው ይጠብቀዋል፤ ሳይጠይቅ ከሸሸ ግን የራሱን ንብረት በገዛ አንደበቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

እስቲ እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። ፈርተን የኔ አይደለም ያልነው ነገር የለንም? ነገ የኔ ነው ብንል ማን ያምነናል?