ወፍጮው የቆመ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ወንዝ ዳር ተጎራብተው በሚኖሩበት አገር፣ ቀበሮ ወፍጮ ተከለ። ወፍጮው እንደ ድሮው በእጅ የሚገፋ አልነበረም። የወንዙ ውሃ ትልቅ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ ረጅም ቺንጊያ ይጎትታል፣ ቺንጊያው ደግሞ ድንጋዩን ያሽከረክራል። ቀኑን ሙሉ ሲፈጭ ይውል የነበረው እህል አሁን ድስት ጥደው ውሃው እስኪፈላ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ጦጣም ዝንጀሮም ወገባችንን አመመን ማለት ተዉ።

እመት አህያ በወፍጮው ከተቀጠሩት አንዷ ነበረች። እህል ታመላልሳለች፤ የውሃውን በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሥራዋን ትወደዋለች። ድንጋዩ መዞር ሲጀምር ከኮቴዋ ሥር መሬቱ ንዝር ሲል ደስ ይላት ነበር። ከቤቷም ፉርሽካ ጠፍቶ አያውቅም።

የሠራተኞቹ አለቃ ሆኖ የተሾመው አያ ጅቦ ነው። ይህ ሲሰማ ብዙዎች ይበላናል ብለው ደነገጡ። ቀበሮ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ሕግ አወጣ፦

«የወፍጮዬ ሠራተኛ አይበላም!»

አያ ጅቦ ራሱን አከከ። «የወፈረም ቢሆን?»

«የወፈረም ቢሆን!»

ገበያው ደራ። ከሩቅ አገር ሳይቀር እህል ይጎርፍ ጀመር። ቀበሮም ጡሩምባ ሰቀለ። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባው ይነፋል፣ ሠራተኛው ይገባል፤ መውጫ ሰዓት የሚነፋ ግን የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ መጠያየቅ ቀረ። ዝንጀሮ የወንድሙን ልጅ ሠርግ የሰማው ሙሽራዋ ካረገዘች በኋላ ነው።

እመት አህያ ከቤት ስትወጣ ውርንጭላዋ ተኝቷል፤ ስትመለስም ተኝቷል። የምትጠብቅላት ጎረቤቷ ጅግራ ነበረች። አንድ ቀን እግሯን አሟት በቀትር ወደ ቤት ብትመጣ፣ ውርንጭላው ደንግጦ ሮጠና ያን የሚያህል ሰውነቱን ከትንሿ ጅግራ ጀርባ ሊደብቅ ሞከረ።

«እማዬ፣ ይቺ ማናት?» ሲል ጅግራን ጠየቃት።

ጅግራ የምትገባበት ጠፋት። «ኧረ እናትህ እኮ እሷ ናት! እኔማ ጎረቤት ነኝ።»

እመት አህያ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ቆመች፤ ልጇን ሳትነካው ፊቷን አዙራ ሄደች።

በማግስቱ ጧት ቀጥ ብላ ቀበሮ ዘንድ ቀረበች።

«ጌታው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤታችን እንግባ። ልጆቻችን እየረሱን ነው።»

ቀበሮ ፈገግ አለ። «እመት አህያ፣ ቅር ካለሽ በሩ ክፍት ነው። ብቻ እኔ ሳልፈቅድለት ከዚህ ግቢ የወጣ ሠራተኛዬ አይደለም። ሠራተኛዬ ያልሆነውን ደግሞ…» አለና ወደ አያ ጅቦ ዞር ብሎ አየ። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

እመት አህያ ግን ከሰዓት በኋላ ጓደኞቿን ሰብስባ ነገሩን አጫወተቻቸው።

«ሰባብረነው እንገላገል!» አለ ከርከሮ፣ ክራንቻውን እያፋጨ።

«ከሰበርነው በኋላስ? ተመልሰን በእጃችን ልንፈጭ ነው?» አለች እመት አህያ። «ወፍጮው ምን አደረገን? የጎዳን ማቆሚያ ማጣቱ ነው። ሥራውን እናቁም፤ ከበሩ ግን አንድም እንዳይወጣ።»

«አያ ጅቦ ቢበላንስ?» አለ ዝንጀሮ።

«ግቢው ውስጥ እስካለን ሠራተኞች ነን። ሕጉን ያወጣው ራሱ ቀበሮ ነው።»

ይህን ብላ ሄደችና የውሃውን በር ዘጋችው። መዘውሩ ተንገራገጨ፤ ድንጋዩ ቆመ። ፀጥታው እንግዳ ሆነባቸው። ሁሉም እህሉን ተደግፈው ተቀመጡ።

ቀበሮ እየበረረ መጣ። «አያ ጅቦ! ምን ታያለህ? ብላት እንጂ!»

«ከግቢ ወጥታለች እንዴ?»

«አልወጣችም፣ ግን…»

«እንግዲያው ሠራተኛ ናት» አለ አያ ጅቦ፣ ኮራ ብሎ። «እኔን ሊፈትኑኝ ነው አይደል? ሕጉን በደንብ አውቀዋለሁ።»

ቀበሮ ጥርሱን ነከሰ። «በል ተወው፤ አንተው ፍጨው። ከምትፈጨው ግማሹ ያንተ ነው!»

አያ ጅቦ ግማሽ የሚለውን ሲሰማ ሌላውን አልሰማም። ሮጦ የውሃውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። መዘውሩ እንደ እብድ ተሽከረከረ። አያ ጅቦ ገና መውጣት የጀመረውን ዱቄት ሊልስ ጎንበስ ሲል ጅራቱ ቺንጊያው ውስጥ ገባ።

«ወየው! ያዘኝ! ኧረ ጎተተኝ!»

ሁሉም ብድግ አሉ። «ተዉት!» አለ ከርከሮ። «ስንቱን ዘመዳችንን በልቷል!»

እመት አህያም አያ ጅቦ የበላባት ወንድም ነበራት። ለአፍታ እግሯ ከመሬት አልነሳ አላት። ከዚያ ግን ጩኸቱን መቋቋም አልቻለችም፤ ፈትለክ ብላ የውሃውን በር በእርግጫ ዘጋችው። አያ ጅቦ ጅራቱ ተመልጦ ዱቄቱ ላይ ዘፍ አለ። ነፍሱ ስትመለስ መጀመሪያ የተናገረው «ግማሹ አሁንም የእኔ ነው?» የሚል ነበር።

ቀበሮ ዙሪያውን ቃኘ። ግቢው በእህል ተሞልቷል፤ ከበሩ ውጭ ባለ እህሎቹ ያጉረመርማሉ፤ መዘውሩ ደግሞ ያለ ሠራተኞቹ ምንም አይደለም። ቶሎ ብሎ ፊቱን ፈታ አደረገ።

«እኔም እኮ ማታ ማታ ላሳርፋችሁ አስቤ ነበር። እንግዲህ ፀሐይ ኮረብታው ላይ ዘንበል ስትል ጡሩምባ ይነፋል።»

«አስበውበት ከነበረ ከዛሬ ይጀመር» አለች እመት አህያ። «ፀሐይዋ ይኸው ዘንበል ብላለች።»

ቀበሮ ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ ሠራተኞቹ አየ። ማምለጫ አልነበረውም። ጡሩምባውን ነፋ።

ገና በቀን ብርሃን ከበሩ ወጡ። ዝንጀሮ ሙሽሮቹን ሊጠይቅ ሲገሰግስ፣ እመት አህያ እያነከሰች ቤቷ ደረሰች። ውርንጭላው አቧራ ላይ ይንከባለል ነበር። አልጠራችውም፤ ልያዝህም አላለችው። ከጎኑ ጋደም አለችና እግሮቿን ወደ ላይ አንስታ አብራው ተንከባለለች። ውርንጭላው መጀመሪያ በዓይኑ ጠርዝ አያት፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተጠጋት። ጅግራ በአቧራው እያስነጠሰች ትስቅ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያ ኑሮን የሚያቀልልን የሚሠሩበት ሁሉ ተባብረው መቆሚያ ሰዓት ሲያበጁለት መሆኑን ነው።