መጉረስና መዋጥ

አንድ ጊዜ አንድ ጅብ ለዓሣ ቤት ሠራ። ቤቱ የመስታወት ሣጥን ነው፤ ሐይቅ ዳር ሰፍረው የነበሩ ሰዎች ጥለውት የሄዱት። ጅቡ ሣጥኑን ከዋሻው ደጃፍ፣ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። አሸዋ አነጠፈበት። በቅል ውኃ እያመላለሰ ሞላው። ከዚያ እስከ ደረቱ ሐይቅ ገብቶ ቆሮሶ የሚባሉትን ዓሦች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በቅሉ ጠልፎ አመጣ።

ጎረቤቱ ቀበሮ ወሬውን ሰምታ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ምን ነካህ? ምሳህን ዋና ታስተምራለህ?»

«አሁን ብበላቸው ሁለት ናቸው» አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ። «ቢወልዱልኝ ግን መንጋ ይሆናሉ።»

«ሆድህስ እስከዚያ ይጠብቃል?»

«መክሬዋለሁ።»

መጀመሪያ ዓሦቹ ጥግ ይዘው አልበላም አሉ። የሐይቅ ልጅ ግድግዳ አያውቅም። ጅቡ ደግ የሠራ መስሎት አጥንት ጣለላቸው። ውኃው ገማ።

«ኧረ በሕግ!» አለች ሴቷ ብቅ ብላ። «አጥንቱን ለራስህ ውሰደው። ለእኛ ከሐይቁ ድንጋይ ላይ አረንጓዴውን ፍቀህ አምጣልን። ውኃውንም ቀይርልን። ሁሉንም አይደለም፤ ገሚሱን!»

ጅቡ የታዘዘውን አደረገ። ሴቷ ወሬኛ ነበረች። ጠዋት ስለ ውኃው ታወራለች፤ ከሰዓት ባሏን ታማለች። ጅቡ ድምፅዋን ሳያስበው ለመደው። ጥንብ ፍለጋ ወጥቶ እንኳ «ቤት ልጆች አሉኝ» እያለ ቶሎ ይመለስ ጀመር።

አንድ ቀን ወንዱ ፊቱን አጠቆረ። አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ሳህን የመሰለ ጉድጓድ ቆፈረ። ሴቷን እየዞረ ተንቀጠቀጠ፤ ጨፈረ። ጅቡ ጉንጩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያያል። ቢጫ እንቁላሎች ጉድጓዱ ውስጥ ተዘሩ። ሊቆጥራቸው ሞከረ። ቆጠራ አይሆንለትምና «ብዙ» ብሎ ተወው፤ ቀበሮን ሊጠራ ሮጠ።

ሲመለሱ እንቁላል የለም። ሴቷ ጉሮሮዋ ተነፍቶ ጥግ ላይ ቆማለች።

«እመት ቆሮሶ፣ ልጆቹ የት ሄዱ?»

ዝም። ቀኑን ሙሉ ስታወራ የምትውለው ዓሣ ዝም አለች።

«በልታቸዋለቻ!» አለች ቀበሮ። «ጉሮሮዋን አታይም? አንተ ስትጾም እሷ መንጋህን ጨረሰችልህ። ዛሬውኑ ብላት። እኔ ጭንቅላቷ ይበቃኛል።»

የጅቡ ጸጉር ቆመ። መዳፉን ውኃው ውስጥ ነከረ።

«ጋሼ፣ ቆይ!» ብሎ ጮኸ ወንዱ። «ጎርሳቸው እኮ ነው!»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለች ቀበሮ።

«ጎረሰች አልኩህ እንጂ ዋጠች አልኩህ?» አለ ወንዱ ለጅቡ።

ጅቡ ተደናገረ። እስከዛሬ ጎርሶ ሳይውጥ የቀረ ነገር አያስታውስም። «የጎረሱት ነገር… አይዋጥም እንዴ?»

«ልጅ ከሆነ አይዋጥም። ተፈልፍለው መዋኘት እስኪችሉ አፏ ውስጥ ናቸው። አትበላም፤ አትናገርም። እኔንም ወደ ሐይቁ መልሰኝ። እዚህ ጠባብ ቦታ ስዞርባት ደንግጣ ትተፋቸዋለች።»

ጅቡ ወንዱን በቅል ወስዶ ለቀቀው። «እጁ የገባ ምሳ የሚለቅ ጅብ አያችሁ?» እያለች ቀበሮ ለአገሩ ሁሉ አወራች።

ሴቷ እየከሳች ሄደች። ጅቡ ሲበላ ጀርባውን ይሰጣት ጀመር።

ከዚያ አንድ ረፋድ፣ ጅቡ ውኃ ሊቀዳ በወረደበት፣ ቀበሮ መጣች። በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለች። አንገቷን አሰገገች። ሣጥኑ ከድንጋዩ ተንሸራቶ ወደቀና ተከሰከሰ።

ጅቡ የቅሉን ማንገቻ በጥርሱ ነክሶ ዳገቱን እየወጣ ነበር። «ኧረ ምነው!» ብሎ ሲጮህ ቅሉ ወደቀ፤ ተሰበረ። ሮጦ ደረሰ። ዓሣዋ እርጥብ አሸዋ ላይ ተጋድማለች። ከንፈሮቿ አሁንም ግጥም ብለዋል።

«ራሱ ነው የወደቀው» አለች ቀበሮ፣ ጭራዋ ውኃ እያንጠባጠበ። «እንግዲህ መሞቷ አይቀርም። እኩል እንካፈላት።»

ጅቡ ቁልቁል ሐይቁን አየ። ሩቅ ነው። መያዣ የለውም። ጎንበስ ብሎ ዓሣዋን ጎረሳት።

«ጎበዝ! ጭራዋን ግን ለእኔ…»

ጅቡ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ምላሱ ቀመሳት። ሐይቅ ሐይቅ ትላለች። ጉሮሮው በራሱ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ጅቡ ያዘው። ምራቁ ጎረፈ፤ ለእሷ ግን ያው ምራቅ ውኃ ሆነላት።

ቀበሮ ከጎኑ እየሮጠች ትሰድበዋለች፦ «አንተ አንካሳ! ኋላህ ከፊትህ ያጠረ! ጥንብ ለቃሚ! አህያ እንኳ ይስቅብሃል እኮ! ምነው፣ ምላስህን ዋጥከው?»

ጅቡ ተሰድቦ ሳይመልስ የዋለበት ቀን የለም። መልሱ እስከ ጥርሱ መጣ። ጥርሱን አልከፈተም።

ሐይቁ ዳር አገጩን ውኃው ውስጥ ነክሮ አፉን ከፈተ። ዓሣዋ ወጣች። በጎኗ ተንሳፈፈች። ከዚያ ቀና አለች፤ አፏን ከፈተች። ከገብስ ፍሬ የማይበልጡ ልጆች እንደ ጭስ ፈሰሱ። ጅቡ አፉን መዝጋት ረስቶ ያያል።

ቀበሮ ከኋላው ደረሰች። ጥላዋ ውኃው ላይ ወደቀ። ልጆቹ በረገጉ። የደነገጠ የቆሮሶ ልጅ የሚሸሸው ወደ አፍ ነው። ገሚሶቹ እናታቸው አፍ ገቡ። ገሚሶቹ ቅርብ ያገኙት አፍ ውስጥ ገቡ።

ጅቡ አፍ ውስጥ።

«ዋጥ!» አለች ቀበሮ። «ዋጥ እንጂ አንተ ሞኝ! በእግራቸው መጡልህ!»

ጅቡ ከንፈሩን ቀስ ብሎ ገጠመ። ምላሱ ላይ ይርመሰመሳሉ። ይኮረኩሩታል። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሳቅ ይሁን ከረሃብ እሱም አላወቀም።

ቀበሮ ለፍልፋ ለፍልፋ ሲደክማት ጥላዋን ይዛ ሄደች። ያኔ እናትየው ወደ ፊቱ ተጠግታ አፏን ከፈተች። ጅቡም ከፈተ። ልጆቹ እየተጋፉ ተሻገሩ። አንዱ ግን እንጥሉ ሥር ሞቆት ተኝቶ ቀረ፤ ጅቡ አፉን እንደ ከፈተ፣ ያ ልጅ እስኪነቃ ድረስ ጠበቀው።

ከዚህ የምንማረው፣ መውደድ ማለት መዋጥ እየቻሉ ጎርሶ መቆየት መሆኑን ነው።