መልስ የማትሰጥ አሻንጉሊት

የነርሶች የተግባር ፈተና እንዳለቀ ወጣቱ መምህር ይበልጣል አንጋፋዋን ፈታኝ ሲስተር አስካለን ጠየቃቸው። ተፈታኟ ልጅ ከተሰጣት ቅደም ተከተል አንዱንም አልዘለለችም፤ ታዲያ ለምን ጣሏት? ሲስተር አስካለ ጓንታቸውን አውልቀው ተቀመጡና እንዲህ አሉት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ነርሶችን የሚያስተምር። የሚፈትናቸው በፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ነው። ተማሪ ሁሉ መርፌ ከመውጋቱ በፊት አሻንጉሊቷን «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አሻንጉሊት መቼ ትመልስና፤ ተማሪው ወደ ሥራው ያልፋል። ሰውየውም ጥያቄውን ከሰማ ነጥቡን ይሰጣል። ከሁሉ የፈጠነችውን አንዲት ተማሪ በጓደኞቿ ፊት አመሰገናት፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚሉትን ረስቶ።

ዓመታት አለፉ። የሰውየው አንዲት ልጁ በሳንባ ምች ታማ ሆስፒታል ተኛች። ፔኒሲሊን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይስማማትም። መርፌ ይዛ የመጣችው ያቺው ተማሪው ሆነችና ሰውየው ልቡ አረፈ። በሩ ላይ ቆሞ «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» ስትላት ሰማ። ጠየቀቻት ብሎ ፊቱን ወደ ዘመዶቹ መለሰ።

ልጅቱን ትኩሳቱ አድክሟታል። ከንፈሯ እስኪላቀቅ የፔኒሲሊኑ መርፌ ገብቶ አልቋል። እስከ ማታ እንኳ አልቆየችም።

ነርሷ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ሰውየው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ አስቀመጣት።

«ጠይቀሻት ነበር?» አላት።

«ጠይቄያታለሁ፣ ጋሼ» አለች እያለቀሰች። አልዋሸችም።

«ምን አለችሽ?»

ነርሷ እንባዋን ጠርጋ አየችው። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሱም ቢሆን። ሰውየው ያን ጊዜ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ በኋላም ቀና ሲል ያየው የለም።

ሲስተር አስካለ ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«ዛሬ አልጋው ላይ ያስተኛኋት አሻንጉሊት አይደለችም፤ የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ልጅቷ ጠየቀቻት፤ ሴትዮዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ተፈታኟ መርፌውን አነሳች። አንተም ጠየቀች ብለህ ነጥብ ሰጠህ። ያቺ ነርስ ይህች ተፈታኝ ናት፣ ልጄ፤ ያ አባት ደግሞ አንተ ነህ። ይህችስ ተመልሳ ትፈተናለች። የዚያ አባት ልጅ ግን መልሷን እንደያዘች ተቀበረች።»