የደምመላሽ ጠመንጃና ኩሩው ፍልፈል

ተረት አለኝ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ደምመላሽ የሚባል ኩሩ ገበሬ ነበር። ፍልፈል ከመሬት ውስጥ እየማሰ ድንቹን ሊጨርስበት ሆነ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ አገር ምድሩ እየሰማ፣ «ዘራፍ! ፍልፈሉን በአባቴ ጠመንጃ ካላባረርኩ ወንድ አይደለሁም!» ብሎ ፎከረ። የሚሻው አንዲት ጥይት ማጮህ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዝናሩን ታጠቀ፣ በሶውን ቋጠረ፣ ጋቢውን አጣፋ። ጠመንጃውን ከግድግዳው ቢያወርደው ዝጓል። አስቀድሞ ማየት ነበረበት፤ ግን ከመፎከሩ በፊት ጠመንጃ የሚፈትሽ ማን ወንድ አለ?

«ተኩስ እንጂ!» አለው።

«ቅቤ ሳልቀባ አልተኩስም» አለ ጠመንጃው።

ቅቤው ደግሞ ከቤት አልቋል። ሚስቱ ውድነሽ ከደጅ ሆና፣ «ጌታው፣ ድንቹ እኮ አይጠብቅህም!» አለችው።

ወደ ላሟ ሮጠ። «ላሜ፣ ወተት ስጪኝ፤ ወተቱ ይናጥ፣ ቅቤው ጠመንጃውን ያለስልሰው፣ ጠመንጃው ይተኩስ!»

«ሳር ሳልበላ አልታለብም» አለች ላሟ።

ወደ ሳሩ ሄደ። «ሳር ሆይ፣ ብቀል፤ ላሟ ትብላህ፣ ወተቱ ይናጥ፣ ቅቤው ጠመንጃውን ያለስልሰው፣ ጠመንጃው ይተኩስ!»

«መሬቱ ድንጋይ ሆኖብኛል፤ ሳይላላ አልበቅልም» አለ ሳሩ።

«መሬት ሆይ፣ ላላ፤ ሳሩ ይብቀል፣ ላሟ ትብላው፣ ወተቱ ይናጥ፣ ቅቤው ጠመንጃውን ያለስልሰው፣ ጠመንጃው ይተኩስ!»

«ሳልቆፈር አልላላም» አለ መሬቱ። «ዶማህንም ተወው። ውስጥ ውስጤን የሚያውቅ ይቆፍረኝ።»

ውስጥ ውስጡን የሚያውቅ ፍልፈል ነው! ደምመላሽ ሐፍረት ያዘው። ግን ቃሉን ቢያጥፍ አገር ይስቅበታል፤ ድንቹ ቢያልቅ ደግሞ ክረምቱን ምን ሊበሉ ነው? ከጉድጓዱ አፍ ቁጢጥ አለ።

«ፍልፈል ሆይ፣ ቆፍር፤ መሬቱ ይላላ፣ ሳሩ ይብቀል፣ ላሟ ትብላው፣ ወተቱ ይናጥ፣ ቅቤው ጠመንጃውን ያለስልሰው፣ ጠመንጃው ይተኩስ!»

ፍልፈሉ ብቅ አለ። «ማን ላይ?»

ደምመላሽ ውሸት አይወድም። «አንተ ላይ።»

«እኔ ላይ?» ፍልፈሉ ደረቱን ነፋ። «አባቴን በዶማ፣ አጎቴን በድንጋይ ነው የገደሏቸው። ለእኔ ጠመንጃ? ከነዝናሩ፣ ከነስንቁ? ያውም በቅቤ ታሽቶ? ክብርማ እንዲህ ነው!»

ቆፈረ! ፍልፈሉ ቢቆፍር መሬቱ ላላ፣ መሬቱ ቢላላ ሳሩ በቀለ፣ ሳሩ ቢበቅል ላሟ በላች፣ ላሟ ብትበላ ወተቱ ተናጠ፣ ወተቱ ቢናጥ ቅቤው ወጣ፣ ቅቤው ጠመንጃውን አለሰለሰው፣ ጠመንጃውም ዷ! አለ።

ጥይቱ ፍልፈሉን በአንድ ክንድ ሳተው። ፍልፈሉ ግን ኩራቱ አላስቀምጥ ብሎት፣ በጠመንጃ መተኮሱን ለማዶ ፍልፈሎች ሊያወራ፣ ዘመዶቹን ሁሉ ሰብስቦ ወንዙን ተሻገረ። እዚያ ማዶ «ጥይት የማይደፍረኝ!» እያለ ይፎክራል አሉ።

ውድነሽ የተረፈውን ቅቤ በእፍኟ ይዛ መጣች፤ ለገዳይ እንደሚደረገው የባሏን አናት ልትቀባ።

«ስቻለሁ እኮ» አላት ቀስ ብሎ።

«ታዲያ? ያልከው አባርራለሁ ነው፤ አባረርክ። በል፣ ቀና በል!»

ቀና አለ። ቅቤው በግንባሩ እየወረደ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ከሚስቱ ጎን በጎረቤቱ ሁሉ ደጅ አለፈ።

ለነገረኝ ዕድሜ፣ ለሰማኝ ጤና ይስጥልኝ።