መርፌው ሲነሣ

ሠላሳ ሦስት ነፍስ ነበር የተያዘው። ጋሽ ወርዶፋ ወጋቸውን የጀመሩት ከቁጥሩ ነው። ጎረቤታቸው ሽመክት፣ «ልጄን ሦስት ወር ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አውቶቡስ አስነዳሁት፤ አንድ ጥፋት አላገኘሁበትም። ነገ ተሳፋሪ ጭኖ ብቻውን ቢሄድ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

እንዲህ አሉት፦

ሬዲዮ የሚሠራ አንድ ሰው በትልቅ ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። አሸዋ የሚያመላልሱ አሥራ አንድ ጀልባዎች፣ በየጀልባው ሦስት ሦስት ሰው፣ የማዕበል ማስጠንቀቂያ የሚሰሙበት ሬዲዮ እንዲሠራላቸው አዘዙት።

ሰውየው ጠንቃቃ ነው። ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ የሚያጎላውን ትራንዚስተር ራሱ መረጠ፤ ሽቦውን በሚሊሜትር እየለካ አሳጠረ። ሬዲዮው በሚሠራበት ፈጣን ሞገድ ላይ ጥፍር የምታህል ትርፍ ሽቦ እንኳ ሥራ ታበላሻለች። ሲፈትን የመለኪያውን መርፌ የትራንዚስተሩ እግር ላይ ያሳርፋል፣ ሞገዱን ያያል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ያጠፋና መርፌውን ያነሣል። ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ መርፌው ተንሸራቶ ሁለት እግር ካገናኘ ትራንዚስተሩ ይቃጠላል፤ ትራንዚስተር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ብየዳውን የምትሠራለት ሴት አንድ ቀን፣ «እስቲ መርፌው ሳይኖር እንስማው» አለችው።

«ሳልለካው ምኑን አውቃለሁ?»

«መርፌው እኮ ራሱ ይነካዋል። ጀልባ ላይ አብሮት አይሄድም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆንሽው? በይ በይጂ» ብሎ ሳቀባት። ሣጥኖቹን ውኃ እንዳይገባቸው በሰም አሸጋቸው። ወደቡ አጠገብ ሞከሯቸው፤ የቅርብ ድምፅ ብርቱ ነውና ሁሉም ጥርት ብሎ ተሰማ።

በሁለተኛው ሳምንት ማዕበል መጣ። ሰውየው ራሱ የየብሱን ማሰራጫ ይዞ፣ «ተመለሱ፣ ነፋስ እየመጣ ነው፣ ተመለሱ» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ተናገረ። ቅርብ የነበሩት ሰባት ጀልባዎች ተመለሱ። ሩቅ የነበሩት አራቱ አልተመለሱም።

ከተመለሱት አንዱ፣ «ራቅ ስንል ማፏጨት ይጀምራል። ሬዲዮ ሁሉ እንዲያ የሚያደርግ መስሎን ዝም አልን» አለው።

ሰውየው አንዱን ሣጥን ከፍቶ መርፌውን አሳረፈ። ሬዲዮው ጥርት ያለ ነው። ኤሌክትሪኩን ሳያጠፋ መርፌውን አነሣ፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ሲያደርግ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሬዲዮው ጮኸ። ትራንዚስተሩ የራሱን ድምፅ እየመላለሰ ያጎላል፤ የሌላ ሰው ድምፅ የሚሰማበት ቦታ የለውም። መርፌውን መለሰው፤ ጩኸቱ ቆመ። ያን ሁሉ ቀን ትራንዚስተሩን ጸጥ አድርጎ የያዘው መርፌው ኖሯል። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

ጋሽ ወርዶፋ ወደ ሽመክት ዞሩ።

«መርፌው አንተ ነህ። ሦስት ወር የለካኸው ልጅህን ከነአንተ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚሆን ገና አላየህም። ነገ ባዶ አውቶቡስ ይዞ ይሂድ፤ የማያውቀው ሰው ከኋላ ይከተለውና ያየውን ይንገርህ። ተሳፋሪው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የዚያን ሬዲዮ ሠሪ ሂሳብ ደግሞ ልንገርህ። ሃያ አንዱ የተረፉት ቅርብ ስለነበሩ ነው፤ ለእሱ አይቆጠርለትም። ትርፉ፣ አንድም ትራንዚስተር አላቃጠለም። ኪሳራው አሥራ ሁለት ሰው።»