ቱቦው ውስጥ የቀረው

አንድ ሰው ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ። ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ሁለት የብረት ጥርስ አውጥታ ጭነት የምታነሳ መኪና ናት። የምትሠራው በጋዝ ነው፤ ሲሊንደሩን ጀርባዋ ላይ ታዝላለች። ሰውዬው ሽብሩ ይባላል።

ሲሊንደሩ የሚለወጥበት ደንብ አለ። መኪናዋ ደጅ ትወጣለች፤ ሲጋራ የለ፣ እሳት የለ። ሞተሩ እየሠራ የሲሊንደሩ መዝጊያ ይዘጋል። ከዚያ ይጠበቃል። ለምን? ቱቦው ውስጥ የቀረ ጋዝ አለ። ሞተሩ እሱን በልቶ ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ቱቦ አይፈታም። እነሱ ዘንድ ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይፈታል፣ ሌላው አጠገቡ ቆሞ "ጨረሰ?" ብሎ ይጠይቃል።

የሽብሩ ባልደረባ ደመላሽ ነበር። የሽብሩ እናት ባረፉ ጊዜ ደመላሽ ለቅሶ አልደረሰም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው፤ ተሳሳሙ። "ይቅር ብያለሁ" አለ ሽብሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣውም። ሆዱ አልተፈታማ።

አንድ ቀን ወደ ምሳ ሰዓት ላይ የደመላሽ ጋዝ ሊያልቅ ሆነ። ደመላሽ ቸኩሏል። መዝጊያውን ዘጋ፤ ሞተሩን ግን ሳይጠብቅ በቁልፍ አጠፋው። ጓንት እንኳ ሳያጠልቅ ባዶ እጁን ወደ ቱቦው ሰደደ።

ሽብሩ ቆሞ ያያል። ያ ጋዝ ካመለጠ እጅን በብርድ እንደሚያቃጥል ያውቃል። ብልጭታ ካገኘ ደግሞ ሁለቱንም ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል። "ጨረሰ?" አንዲት ቃል ናት። ምላሱ ላይ መጣች፤ እዚያው ቀረች። "እሱስ የእናቴን ሞት ሰምቶ ዝም አላለም?" አለ በልቡ። አትፍረዱበት፤ እንዲህ ያሰኘው ሐዘን ነው።

የደመላሽ ጣቶች ማያያዣውን ያዙ። ያኔ ሽብሩ ደነገጠ፤ የደነገጠው በራሱ ነው።

"ተው ደሜ፣ እጅህን አንሳ። አልጨረሰም።"

ደመላሽ እጁን ሰበሰበ። ሞተሩን መልሶ አስነሳው፤ አብረው ቆመው መጠበቅ ጀመሩ።

"ከለቅሶው የቀረሁት አፍሬ ነው" አለ ደመላሽ አቀርቅሮ። "እማማ ታመው ሳሉ አልጠየቅኳቸውም። ከሞቱ በኋላ በምን ፊቴ ልምጣ?"

ሽብሩ አለቀሰ። ሞተሩ አንገራገረና ራሱ ጠፋ። ሽብሩ ጓንቱን አውልቆ ለደመላሽ ሰጠው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ታርቃችኋል፤ ሽማግሌውም መርቆ ሄዷል። መዝጊያው ተዘግቷል። ቱቦው ውስጥ የቀረውስ? ይቅር ያላችሁት ወንድም ወደ ገደል ሲሄድ አይታችሁ ዝም አላላችሁም? ይቅር ያላችኋት ምራት ስትሳሳት "የራሷ ጉዳይ" አላላችሁም? የሆዳችሁን በሆዳችሁ ይዛችሁ ዝምታውን ሰላም ነው ትሉታላችሁ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደዚያ ሰው ሂዱ። ከሰላምታው ላይ አንዲት ቃል ጨምሩ። ልባችሁንም "ጨረሰ?" ብላችሁ ጠይቁት። አልጨረሰም ካላችሁ አትሽሹ፤ እስኪጨርስ ቁሙ። ግን አብራችሁ ቁሙ።